ሀጂ ከማሉ ዋሻ ውስጥ የቀሩ ጊዜ

ረቡዕ ከሰዓት ሙዝደሊፋ ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጌም ሲጫወት ሀጂ ከማሉ ገቡ። ሀጂ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሰልሚያ አባት ናቸው። ሙዝደሊፋና ሰልሚያ እርስ በርስ ከተስማሙ ቆይተዋል፤ አርብ የሙዝደሊፋ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ይሄዳሉ። ሰው እንዲህ ባለው ሳምንት እጁን መሰብሰብ ነበረበት።

ጌሙ የድሮ ነው፤ ሥዕሉ የሕፃን ደብተር ይመስላል። ጓደኞቹ "ኳስ እያለልህ ይሄን ጡረታ የወጣ ነገር!" እያሉ ሙድ ይይዙበታል። ለእሱ ግን ነፍሱ ነው። ስድስት ሰው ይዘህ ትገባለህ፤ አንዱ ይመታል፣ አንዷ ታክማለች፣ አንዱ የተቆለፈ ይከፍታል። ጭራቁ እንኳ ተራህ እስኪያልፍ ይታገስሃል፤ ቁጭ ብለህ ትመክራለህ። ብቻዬን ጀግና ነኝ ያለ አንድ በር አያልፍም። ጣጣው ስድስቱን በጎረቤቶቹ ስም መጥራቱ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ሀጂ፤ የእድርተኞቹን ዝርዝር ኮፒ ሊያስደርጉ ነው የመጡት። ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ አረፈ። መርካቶ ሃያ ዓመት ለነገደ ሰው ያቺን ታህል እንግሊዝኛ አትጠፋውም። "ከማሉ፦ ሞቷል" ይላል።

"ሞቻለሁ እንዴ?"

ሙዝደሊፋን ላብ አጠመቀው። "ጌም ነው ሀጂ፣ አላህ ዕድሜዎትን ያርዝመውና። ሸረሪት ነው የገደለዎት። ጀግና ስለሆኑ ፊት አሰልፌዎት ነበር።"

ሀጂ ፈገግ ሊሉ ዳዳቸው። "የትስ ቀበራችሁኝ?"

ሙዝደሊፋ አቀረቀረ። "መንገዱ ረጅም ስለነበር... ዋሻው ውስጥ ትተንዎት አለፍን።"

ያኔ ቁጣቸው መጣ። መሞታቸው አልቆረቆራቸውም፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ሬሳ ሲያስነሱ ኖረው የራሳቸው ወድቆ መቅረቱ ግን አንገበገባቸው።

"እድር የለኝም እኔ? አምስታችሁ ስትሄዱ አንድ ሰው እንኳ 'ኧረ ሀጂን' አላለም?" በርጩማ ስበው ተቀመጡ። "ተመለስ!"

"ያለ እርስዎ ከተመለስን ሁላችንም እናልቃለን።"

"እለቁ! ቀብር ነው፤ ተመለስ።"

ተመለሱ። ደንበኛ መጥቶ ደንበኛ ሄደ። ሀጂ "ጎረቤታችንን ሀቢቡን አስቀድመው፣ ጉልበት አያንሰውም" እያሉ ይመራሉ። ሸረሪቷ ስትወድቅ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። ሬሳቸው ተገኘ።

"በል ቅበሩኝ።"

"መቅበር የለም ሀጂ፤ ጌሙ የሚያውቀው ከሞት ማስነሳት ብቻ ነው።"

"አስተግፊሩላህ!" ትንሽ አሰቡ። በሩን ቃኙ፤ ማንም የለም። "እንግዲህ ሌላ ከሌለ ምን ይደረጋል፤ አስነሳኝ።"

ተነሱ። ቀጥለውም ዝርዝሩን ኮፒ ሳያስደርጉ፣ ስለ አርብ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። ሙዝደሊፋ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። አማቱን ዋሻ ውስጥ ጥሎ ለሄደ ማን ልጁን ይድራል?

አርብ ከጁምዓ በኋላ የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ናጃህ ግራ እንደተጋቡ ሱቁ መጡ።

"ምን አሉ?" ሙዝደሊፋ ከወንበሩ ተነሳ።

"'እኔ ስሞት ልጁ መንገድ ላይ ጥሎኝ ሄደ' አሉን። አፍረን ልንነሳ ስንል፣ 'ግን ሲነገረው፣ እንደሚያልቅ እያወቀም ይመለሳል። የሚመለስ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል? ሰልሚያን ሰጥቻለሁ' አሉ።"

ሙዝደሊፋ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ በደስታ አለቀሰ።

ጋሽ ናጃህ ግን አልጨረሱም። ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ ልጄ፣ ሀጂ የሞቱት መቼ ነው?"