የመስታወት አሸዋ

አለቃው በጠዋቱ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኳል። ለወትሮው ሱሪዬን አቧራ ይነካዋል ብሎ ከመኪናው የማይወርድ ሰው፣ ዛሬ ንዴቱ ሱሪውንም አስረስቶታል። ከሆስፒታሉ በር እስከ ትራፊክ መብራቱ ድረስ፣ በመንገዱ ቀኝ ዳር፣ ማንም ያላዘዘው ነጭ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ወዲህ የብስክሌት ሥዕል አለ፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ቢተልቅም ብስክሌትነቱ አያጠራጥርም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻልም ስንላቸው ከርመን፣ እኛ ስንተኛ ራሳቸው ቀቡት!" አለ አለቃው። "ለመሆኑ መንገዱ የማነው? የእኛ ነው የእነዚህ ሳይክል ነጂዎች?"

አጠገቡ የቆመው ቀቢ የመሥሪያ ቤቱን የመንገድ መስመሮች ሲቀባ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነውና፣ አለቃው እንዲህ ሲጦፍ ዝምታ እንደሚያዋጣ ያውቃል። አለቃው ጣቱን መስመሩ ላይ አሽቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። ጣቱ አብረቀረቀ።

"አየህ ጉዳቸውን? በመኪና መብራት እንዲያበራ የመስታወት አሸዋ ነስንሰውበታል! ይሄ ደግሞ ገበያ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ ከእኛ ግምጃ ቤት ነው የወጣው። መሀላችን ሌባ አለ። አንተ ዛሬውኑ ፍቀህ አጥፋልኝ፣ ሌባውን ለእኔ ተወው።"

ቀቢው ሌባውን አውቆታል፤ ራሱ ነው። እናቱ በሕይወት ሳሉ ዓይናቸው ደክሞ፣ የቤቱ ደጃፍ ላይ ያለችው ደረጃ ሲመሽ ታደናቅፋቸው ነበር። ከሥራ የተረፈ ግማሽ ጆንያ አሸዋ ወደ ግምጃ ቤት መመለሱን ትቶ ቤቱ ወሰደና የደረጃዋን ጠርዝ ነጭ ቀብቶ ነሰነሰላቸው። የቀረው ጓዳ ውስጥ ተረስቶ ኖረ። ሚስቱ ደግሞ ነርስ ናት፤ እዚሁ ሆስፒታል በሳይክል የምትመላለስ፣ ከነዚያ ሳይክል ነጂዎችም ግንባር ቀደሟ። ትናንት "የማታ ተረኛ ነኝ" ብላው ነበር የወጣችው።

ምሳ ሰዓት ላይ እየከነፈ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋ ላይ የደረቀውን ነጭ ቀለም በቢላ ትልጣለች።

"ጆንያው የት ገባ?"

"ስትመጣ አላየኸውም? መንገድ ላይ ተነጥፏል።"

"እንጀራዬን ልታስቆርጪኝ ነው አንቺ ሴትዮ?"

"ባለፈው ወር የጽዳት ሠራተኛችንን አውቶቡስ ከሳይክሏ ገፍቶ ሲጥላት፣ የተሰበረ እግሯን ይዤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ማመልከቻ አስገባን፣ ሳቁብን። ተሰለፍን፣ ሳይክላችንን ቀሙን። ምን ቀረን?"

"ለእኔ መንገር አቃተሽ?"

"ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?"

"አርፈሽ ተቀመጪ እልሽ ነበራ!"

"በቃ፣ ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።"

ቀቢው በሩን በላይዋ ላይ ወርውሮ ዘጋው።

የመፋቂያውን ማሽን ሊያወጣ መሥሪያ ቤት ሲመለስ፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደጅ ላይ ኩርምት ብለው አገኛቸው። ወገባቸው ላይ ቁልፍ ስለማይጠፋ ሁሉም እትዬ ቁልፍ ይላቸዋል። ዛሬ ወገባቸው ባዶ ነበር።

"ልጄ፣ ሌባ ነሽ ብለው አገዱኝ" አሉት። "መቼም አንተ ታውቀኛለህ። ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን አውጥቼ አውቃለሁ?"

"ይጣራል እትዬ" ብሎ ዓይናቸውን ሳያይ አለፋቸው፤ ማሽኑንም እየገፋ ሲወጣ ራሱን ጠላ።

መንገዱ ላይ ጉድ ፈልቷል። ትራፊኮቹ ሳይክሎቹን እየነጠቁ የጭነት መኪና ላይ እንደ ማገዶ ይወረውራሉ፤ ባለቤቶቹ ይሳደባሉ፤ ሹፌሮች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ቀቢው ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ማሽኑን አስነስቶ መስመሩን መፋቅ ጀመረ። አቧራው ነጭ ሆኖ ተነሳ። ሥዕሉ ጋ ሲደርስ አንድ ጎማ አየ፣ ከጎማው በላይ ሚስቱን።

"ዞር በይ!"

ወይ ፍንክች።

"ዞር በይ አልኩሽ፣ ጎማሽን ይበላዋል!"

"ይብላው።"

አንድ ትራፊክ ጠጋ አለና "ታውቃታለህ እንዴ?" ሲል ጠየቀው።

"አላውቃትም" አለ።

ሚስቱ በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነች። ትራፊኩ ሌላ ሳይክል ሊነጥቅ ሲሮጥ፣ ቀቢው አንገቱን አስግጎ "በአንቺ ጦስ እትዬ ቁልፍ ታገዱ!" ብሎ ጮኸባት።

"እትዬ? እሳቸው ምን አደረጉ?" አለች። "አንተስ ምን አልካቸው?"

"ምን ልበል?"

"ዝም አልክ?" ሳይክሏን ለቀቀችው፤ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። "አንተ አፍ ከሌለህ እኔ እነግራቸዋለሁ። አሸዋውን ወሰድኩ፣ መንገዱን ቀባሁ፣ እሰሩኝ እላለሁ።"

አለቃው ማዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ያያል። ወደሱ ስትራመድ ቀቢው ማሽኑን አጠፋ፣ ሮጦ ቀደማትና የመኪናውን መስኮት አንኳኳ።

"እትዬን ይመልሷቸው። አሸዋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

አለቃው መስታወቱን ዝቅ አደረገ። "መስመሩንም አንተ ነህ የቀባኸው?"

"እኔ ብቀባው እንዲህ ይንጋደድ ነበር?"

"ታዲያ ለማን ሰጠኸው?"

"ለእናቴ።"

"እናትህን እኮ አብረን ቀብረናል!" አለቃው ፊቱ ከሰል መሰለ። "በሞተ ሰው ታላግጥብኛለህ? መታወቂያህን አምጣ! ማታ ፖሊስ ቤትህን ይፈትሻል፤ የቀረውን እዚያ እናገኘዋለን።"

መታወቂያውን ሰጠ፤ ሚስቱን አፏን ሳትከፍት ትራፊኮች ከመንገዱ ገፍተው አስወጧት። ማሽኑን ሌላ ሠራተኛ ተረክቦ ፀሐይ ሳትጠልቅ መስመሩን ሙልጭ አድርጎ ጨረሰው። እትዬ ቁልፍ ቁልፋቸው ተመልሶላቸው በመሥሪያ ቤቱ በር ሲወጡ ቀቢው "እትዬ" ብሎ ተጣራ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም።

ሲመሽ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ሳይክሏ ተወስዶባት በእግሯ መጣች። በአጠገቡ አልፋ ጓዳ ገባችና ቢላ ይዛ ወጣች፤ ቀን ጫማዋን ስትልጥበት የነበረው ነው።

"ተነስ፣ ደረጃዋን ልፋቃት" አለች። "ሲመጡ ማስረጃ እንዳያገኙ።"

"አትነኪያትም።"

"ትታሰራለህ እኮ!"

"ይህቺን ደረጃ አላውቃትም አልልም" አለ። "በአንድ ቀን አንድ ሰው መካድ ይበቃኛል።"

ሚስቱ ይቅርታ አላደረገችለትም፤ ፊቷ ያስታውቃል። ቢላውን መሬት ጥላ ከጎኑ፣ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

መኪና ወደ ሰፈሩ ታጠፈ። መብራቱ ደጃፉ ላይ ሲያርፍ የደረጃዋ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። ሁለቱም አልተነሱም። መኪናው በራቸው ላይ ቆመ።