ለጊዜው የታጠፈው ቧንቧ

ቀነአ ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ሲረግጠው መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ መታ ጭራዋን ወረወረች። በጉቴ ቁልቁለት ዳር ማገዶ የጫኑት አህዮች በረገጉ።

"ያ ጎፍታ! ጌታ ሆይ!" አለ ሮቤራ፣ ከጎኑ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ጨምድዶ። "ይሄን ሁሉ ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እንዲህ ነው የምትቆመው?"

"አዲሱ የፊቱ ነው። የኋላው እኩል ካልያዘ የፊቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?"

ሮቤራ ይህችን አሮጌ ቱዊን ካም የገዛት ከተገለበጠች በኋላ ቀጥቅጠው፣ ቀይ ቀለም ቀብተው ከሸጡለት ሰዎች ነው። ቀነአ ግን ገና መካኒክ ሆኖ የሚሠራበት ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ አውቋታል፤ ቀይ ሳትቀባ በፊት ነጭ ነበረች። ታላቅ ወንድሙ ጂሩ የሞተባት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ቁልቁለት፣ ሰርገኛ እየመራ። ያን ጊዜ ቀነአ ጊምቢ ይሠራ ነበር፤ የደረሰው ለቀብሩ ነው። ከተማው "ፍጥነት በላው" አለ። የቀብሩ ስብከት እንኳ ስለ ፍጥነት ነበር። እናታቸው በቀለች ከዚያ ወዲህ አፍራ በቤተ ክርስቲያን የምትቀመጠው ከመጨረሻው አግዳሚ ነው። ቀነአም ብቻውን በሆነ ቁጥር ያንን ቁልቁለት በሐሳቡ ይወርደዋል፤ በወረደው ቁጥር ጂሩን "ቀስ በል" ይለዋል።

ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ተመልሰው በክሪክ አነሷትና ቀነአ የኋላ ግራ ጎማዋን ፈታ። የፍሬን ዘይት የሚያመላልሰው ቀጭን ቧንቧ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ በመዶሻ ተጨፍልቆ፣ በሽቦ ታስሯል። ቀዩ ቀለም በላዩ ፈሶበታል፤ የታጠፈው ከመቀባቷ በፊት ነው። ነቀምት ውስጥ ቧንቧ ሁለት ጊዜ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነው። "አንዴ የታጠፈ ይከዳል" ብሎ ያስተማረውም እሱ ነው፤ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ መሸሻ።

"ጋሼ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?"

መሸሻ መነጽሩን አደረገ። አየና አወለቀው።

"ዘይት ያፈስ ነበር።"

"መቼ?"

"የዚያን ዕለት ጠዋት። ወንድምህ 'ሰርገኛ ይጠብቀኛል፣ ለጊዜው ዝጋልኝ' አለኝ። እኔም ሰኞ ይመልሳታል ብዬ..."

"ሰኞማ ቀበርነው።"

ሽማግሌው እጁን በጨርቅ ጠረገ። እጁ ንጹሕ ነበር።

"ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ፍጥነት ነው ሲሏትም ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ።"

በር ላይ ስልክ ሲያወራ የቆየው ሮቤራ ዘግቶ ተመለሰ። "ማሎ፣ እባካችሁ፣ እንዴት ሆነ? እሁድ ሰርገኛ የምመራው እኔ ነኝ እኮ! ሙሽራው አንዴ ለሰው ሁሉ ተናግሯል።"

"ከኋላ አንዱ ጎማ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ለዚያ ነው የምትጎትተው" አለ መሸሻ፤ ድምፁ ተመለሰለት። "ቀላል ነው። ቀነአ፣ የቀኙንም እጠፈው። ሁለቱም ከተዘጉ እኩል ይሆናል፤ ቀጥ ብላ ትቆማለች።"

"በቃ! ይባረኩ ጋሼ! እኔ ደግሞ ከባድ ነገር መስሎኝ!"

ቀነአ ቁልፉን አንስቶ የቀኙን ጎማ ፈታ። ቀጥሎ የፊቶቹን። አራቱንም እያንከባለለ ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈባቸው።

"ማል ጎታ? ምን እያደረግክ ነው?" አለ ሮቤራ። "ለእሁድ እኮ ነው ያልኩህ!"

"ለእሁድ አትደርስም። ሙሽራውን ሌላ መኪና ይፈልግ በለው።"

ተመልሶ ከመኪናዋ ሥር ተኛና የታጠፈውን ቧንቧ በመጋዝ ቆረጠው። ሲወጣ መሸሻ መዳፉን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

"አምጣው ልጄ፣ እኔ እጥለዋለሁ።"

ቀነአ መዳፉን አየው። ሙያውን ሁሉ ያስተማረው መዳፍ ነው። ቧንቧውን በመሐረብ ጠቅልሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያንን ሸሚዝ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታጥበው በቀለች ናት፤ ኪሱን ሳትፈትሽ ውኃ አታስነካውም።