የመሪጌታ የጡት ልጅ

«እዚህ ላይ ነው የምትፈርሚው» አለ አምባቸው፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ መቅደላዊት እየገፋ።

መቅደላዊት ብዕሩን አላነሣችም። በሹም አቦ ሰፈር፣ በሟቹ መሪጌታ ግቢ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቋታል። መካከል ላይ ያሉት የሰፈሩ እድር ዳኛ አቶ ገድሉ ናቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከአንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«'መሪጌታ ፍሬ ስብሐት በቤታቸው ያሳደጓትና በሥራ ስታግዛቸው የኖረች።' ይሄ ምን ማለት ነው ጋሼ አምባቸው?»

«ያው አገልግለሻቸዋል ማለት ነዋ። ምን ክፋት አለው? ለዚህም ብለን ነው ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎች ላንቺ ይሁኑ ያልነው።»

«ሠራተኛቸው ነበረች ማለት ነው።»

«እኔ ሠራተኛ አላልሁም!»

«ወረቀቱ ብሎልሃል።»

መቅደላዊት የተወለደችው አንበሳሜ ነው። ወላጆቿን በአንድ ክረምት ወባ ሲወስዳቸው ገና እግሯ አልጠናም ነበር። መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ያኔ ባሕር ዳር አቋቋም የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ፤ ከሚስታቸው ከወይዘሮ ሸዋዬ ጋር ልጅ አልሰጣቸውም። ሕፃኗን ወስደው አላበቁም። ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለችው ትውልድ ደሴታቸው ወደ ደቅ ይዘዋት ሄዱ፤ በቄስና በሽማግሌ ፊት አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አጠቧት። «ከዛሬ ጀምሮ የአብራኬ ክፋይ ናት፤ ብክዳት እግዜር ይካደኝ» ብለው ማሉ። የጡት ልጅ ሆነች ማለት ይህ ነው፤ በዚያ አገር ከዚህ የሚጠብቅ ውል የለም።

አሁን የሠላሳዎቹን አጋማሽ ይዛለች። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ወይዘሮ ሸዋዬን አስታማ ቀበረች፤ መሪጌታንም ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ እጃቸውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስታደርስ ኖራ ባለፈው ዓመት ቀበረች። አምባቸው የመሪጌታ የወንድም ልጅ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። ለዓመት በዓል ይመጣ ነበር፤ ክፉ ሰው የሚባልም አልነበረም። ነገር ግን የመሪጌታ አፈር ሳይደርቅ «አጎቴ ልጅ አልወለዱም፤ ወራሻቸው እኔ ነኝ» ብሎ ለወረዳው ፍርድ ቤት አመለከተ። እሷም መቃወሚያዋን አስገባች። ከችሎቱ በፊት ነው እንግዲህ ሽማግሌ የተላከባት።

«ልጄ» አሉ አቶ ገድሉ፣ «ፍርድ ቤት የሚያከርረውን ሽማግሌ ያላላዋል። ሁለት ክፍል ቤት ደግሞ ቀላል አይደለም። በዚህ ኑሮ ማን ይሰጥሻል?»

«ጋሽ ገድሉ፣ ቤቱን ጠቅልሎ ይውሰደው። አንዲት ቃል ብቻ ትቀየርልኝ። 'የጡት ልጃቸው' ተብሎ ይጻፍ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

አምባቸው ከወንበሩ ተነሣ። «እሱ አይሆንም! እሱ ከተጻፈማ ነገ ይዘሽው ችሎት ትቆሚያለሽ።»

«ሰማችሁ? ቤት ይሰጠኛል፤ አባቴን ግን አይሰጠኝም።» መቅደላዊትም ተነሣችና ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ አለች። «ሽማግሌ ረገጠች እንዳትሉኝ። እናንተን አከብራለሁ፤ ይቺን ወረቀት ግን አልፈርማትም።»

* * *

ጠበቃዋ ማህሌት አብራት የተማረች ናት። ቢሮዋ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የሐይቁ ጫፍ ይታያል። ጉዳዩን ዳግመኛ ከሰማች በኋላ ጫማዋን አውልቃ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሕጉ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም ይላል። ማር ውስጥ ስለተነከረ ጣት የሚያወራ አንቀጽ የለም።»

«አባባ ምን ሊሠሩ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ? ሽማግሌ ፊት ማሉ፤ አለቀ።»

«ለኔ አለቀ፤ ለሕጉ ግን አላለቀም። ፍትሐ ብሔሩን መጀመሪያ ያረቀቀው ከባሕር ማዶ የመጣ ምሁር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የቤተሰቡ ሕግ ቢሻሻልም ይቺ ነገር አልተነካችም። ቅኝ አልተገዛንም ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ የምንዳኝበት መጽሐፍ ግን ግማሹ የሰው ነው።» ማህሌት ወደ ፊት ዘንበል አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌላ መንገድ አለ። መታወቂያሽ በስማቸው ነው፤ የትምህርት ቤቱም እንደዚያው። ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልጃቸው ነው የሚያውቅሽ። 'ወልደውኛል' በይ። ሁለት ምስክር 'አዎ፣ ልጃቸው ናት' ካለልሽ ሕጉ ይቀበልሻል። ከሳቸው አልተወለደችም ብሎ ማስረዳት የአምባቸው ዕዳ ይሆናል።»

«ግን አልወለዱኝም።»

«መቅደላዊት፣ ማን ይጎዳል? ውሸቱ ከእውነቱ በምን ይለያል?»

 መቅደላዊት ጥያቄውን ይዛ ያን ቀን ማታ ፋብሪካ ገብታ በመብራቱ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ ስታይ አደረች ቢባል ይቀላል፤ ዓይኗ ግን ምንም አላየም። ማህሌት ያለችው መንገድ ቀላል ነበር። ቤቱም ይተርፋል፤ አምባቸውም ያፍራል።

* * *

በሰንበት በጀልባ ደቅ ወረደች። ቄስ ወልደ ገብርኤል የመሪጌታ የተማሪ ቤት ጓደኛ ናቸው፤ በመሐላው ዕለት ከነበሩት መካከል አሁን ቆመው የሚሄዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ከተሳለመች በኋላ የመጣችበትን ነገረቻቸው።

«ማሩን ያመጣሁት እኔ አይደለሁ?» አሉ ሳቅ እያሉ። «ከራሴ ቀፎ የቆረጥሁት ነው። አንቺ ጣቱን ጥቢ ብንልሽ ነከስሽው! ደም ወጣው። ፍሬ ስብሐት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? 'ጥርስ ያላት ልጅ ሰጠኝ፤ ይቺን ማንም አይበላትም' አለ።»

አብረው ሳቁ። ከዚያ የማህሌትን ምክር ስትነግራቸው የቄሱ ፊት ጠቆረ።  ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በደንገሉ መካከል አልፎ እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ቤቱን የምታገኚው በዚህ ብቻ ነው?»

«ማህሌት እንደዚያ ነው የምትለው።»

«እንግዲያውስ እምላለሁ» አሉ። «'ወልዷታል' ብዬ እምላለሁ። ንስሐውን እኔ እገባለሁ። አንቺ ጎዳና ወድቀሽ እሱ መቃብር ውስጥ አይተኛም።»

መቅደላዊት ይህን አልጠበቀችም። ይቆጡኛል፣ ይገዝቱኛል ብላ ነበር የመጣችው። እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ በኋላ ግን የመጣው ቁጣ ነበር። በቄሱ አልተቆጣችም። አንድ ሽማግሌ ካህን ነፍሱን እንዲያስይዝላት ባደረሳት ነገር ሁሉ ተቆጣች።

«አያደርጉትም አባ። ዕድሜ ልክዎን መስቀል ጨብጠው ኖረው ለኔ ቤት ብለው በሐሰት አይምሉም። እማማ ሸዋዬ በየደስታው በየለቅሶው መካን እየተባለች ስትሰደብ አንድ ቀን 'ወለድሁ' ብላ ዋሽታለች? ምጥ ሳታውቅ እናቴ ሆና ነው የሞተች። አሁን ከሞተች በኋላ ላስዋሻት?»

«ቤቱን ብታጪስ?»

«ልጣው። እርስዎ ያዩትን ብቻ ይናገሩ።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «አሁንም ትነክሻለሽ» አሉ።

* * *

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ዳኛዋ ሰብለ ወንጌል ወጣት ናት፣ ንግግሯ የረጋ። መዝገቡን ገልጣ መቅደላዊትን አየቻት።

«የሟች ልጅ ነኝ ብለሻል። ወልደውሻል?»

ማህሌት ከጎኗ ትንፋሿን ያዘች። አምባቸው አንገቱን አስግጎ ይመለከታል። መቅደላዊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«አልወለዱኝም ክብርት ዳኛ። የወለዱኝ አንበሳሜ ናቸው፤ እነሱንም አልክድም። መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ግን አባቴ ናቸው። የጡት ልጃቸው ነኝ። እንዲህ ተብሎ ይመዝገብልኝ።»

የአምባቸው ጠበቃ ፈጥኖ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተቃዋሚዋ በገዛ አንደበቷ አምናለች። በሕግ አግባብ የጸደቀ ጉዲፈቻ የለም። የምንከራከርበት ነገር የቀረ አይመስለኝም።»

ማህሌት የተዘጋጀችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትነሣ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ቀርቷል እንጂ! ባልደረባዬ 'ጉዲፈቻ' ይላሉ። ይህ ቃል ከየት መጣ? የኦሮሞ ሽማግሌዎች ልጅ የሚያደርጉበት ወግ ስም ነው። ሕጋችን ስሙን ከሕዝብ ወግ ወስዶ አንቀጽ አደረገው። ታዲያ ያው ሕግ ተመልሶ የደቅን ሽማግሌዎች 'አላውቃችሁም' ይበል? ስሙ ተወስዶ ነገሩ ይጣል?»

ከዚያ ቄስ ወልደ ገብርኤል ተጠሩ። ምለው ያዩትን ተናገሩ፤ ማሩን፣ መሐላውን፣ ንክሻውንም ሳይቀር። የአምባቸው ጠበቃ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር።

«አባ፣ ይህ ሲሆን ፍርድ ቤት ቀርባችሁ ነበር?»

«ልጄ፣ እኛ ፍርድ ቤት አልነበርንም እንዴ? ቄስ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ መሐላ አለ። ምን ጎደለው?»

«ማኅተም» አለ ጠበቃው። ከኋላ ሰው ሳቀ፤ ዳኛዋ በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

ፍርዱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነበበ። ዳኛዋ አንገቷን ደፍታ ነበር ያነበበችው። ፍርድ ቤቱ የአካባቢውን ወግ እንደሚገነዘብ፣ የምስክሩም ቃል እምነት የሚጣልበት እንደሆነ፣ ይሁንና ሕጉ የሚጠይቀው የፍርድ ቤት ማጽደቂያ ስለሌለ መቃወሚያው ውድቅ መሆኑን ተናገረች። ወራሹ አምባቸው ሆነ። ከዚያ ቀና ብላ «ይግባኝ የማለት መብትሽ የተጠበቀ ነው» አለች። ቆየት ብላም፣ ይህ በመዝገብ የማይጻፍ ይመስል፣ «ይግባኝ በይ» አለቻት።

ከችሎቱ በር ላይ አምባቸው ጠበቃት። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም።

«ጨካኝ አይደለሁም መቅደላዊት። ዛሬም ብትፈርሚ ሁለቱ ክፍሎች ያንቺ ናቸው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚልህን አንተ ታውቃለህ። እኔ ይግባኝ እጠይቃለሁ።»

«ዓመት ይፈጃል!»

«ይፍጅ። ጥርስ አለኝ።»

ማህሌት ፍርዱ እንዳይፈጸም እግድ እንደምትጠይቅ ነግራት ወደ ቢሮዋ ከነፈች። መቅደላዊት ግን ወደ ፋብሪካ አልሄደችም። ባጃጅ ይዛ በቀጥታ ሹም አቦ፣ አቶ ገድሉ ቤት ወረደች።

አቶ ገድሉ ፍርዱን ሰምተዋል። ወንበር ሰጧትና ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«የመሪጌታ ሙት ዓመት ደረሰ» አለች።

«ደረሰ እንጂ። አምባቸውን ብጠይቀው 'እናስብበታለን' አለኝ። ወራሽ ነኝ ያለ ሰው መቼም...» ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት።

«ተዝካሩን የሚያወጣው ልጅ ነው ጋሽ ገድሉ። ለዚህ ነው የመጣሁ። የእድሩን ድንኳን እፈልጋለሁ።»

«እሰየው፤ ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አጠገብ ብንተክለው ምን ይመስልሻል? ነገር እንዳይነሣ ብዬ ነው።»

«አባቴ ግቢ ነው የሚተከለው። ከዘይቱኑ ሥር።»

«ልጄ፣ ግቢው እኮ ዛሬ ተፈርዶበታል።»

«ሰምቻለሁ። ሲፈረድ ቆሜ ነበር። ጋሼ አምባቸውም ይጠራ፤ የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ከዘመድ ጋር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በር ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው ግን እኔ ነኝ። የደቅ ካህናትም ይመጣሉ፤ ከዳር እስከ ዳር ሰው ይየኝ። ከልካይ ካለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይከልክለኝ።»

አቶ ገድሉ ጥቂት ተመለከቷት። ባለፈው ያቀረቡላት ወረቀት ትዝ ብሏቸው ይሁን፣ መሪጌታ ትዝ ብለዋቸው፣ ፊታቸው ላይ አልታወቀም። ከዚያ ተነሡና ከግድግዳው ምስማር ላይ የእድሩን መጋዘን ቁልፍ አወረዱ።

«ትልቁን ነው ትንሹን?» አሉ።

«ትልቁን።»