ዕዳ የማያሳድረው ካርድ

ልጄ ሬኔታ ቱልሳ ከተማ ወለደች፤ እኔ ያለሁት ሩቅ፣ ሜምፊስ ነው። በተገዛበት ልክ ነጥብ ሰጥቶ በነጥቡ አውሮፕላን የሚያሳፍር የባንክ የብድር ካርድ እንዳለ ስትነግረኝ፣ በምማርበት የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ቁጭ ብዬ ማመልከቻውን በራሴ እጅ ሞላሁ። ባንኩ ግን አልፈቀደም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ «የብድር ታሪክ የለዎትም» ይላል።

ሬኔታ ጋ ደወልኩ። «ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሳንቲም አልበላሁም! ይሄ ነው ጥፋቴ?»

«አዎ እማዬ፣ እሱ ነው» ብላ ሳቀች። «ሳትበደሪ መመለስሽን በምን ይወቁ? ሁለት መቶ ዶላር አስይዘሽ በሚሰጡሽ ካርድ ጀምሪ። ትንሽ ትንሽ ግዢበት፣ በጊዜው ክፈይ።»

ካርዱን አውጥቼ ሽንኩርት ገዛሁበት። ዕዳ ይዤ ማደር ስለፈራሁ በዚያው ቀን ባንክ ሄጄ ከፈልኩ። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ገንዘብ ተቀባዩ ሚስተር ኦግልቪ ገና ከበሩ ሲያየኝ «ወይዘሮ ፕሩዊት፣ ዛሬስ ምን በላን?» አለኝ።

«እንቁላል። ስድስት ፍሬ።»

«ኧረ እመቤቴ፣ ሂሳቡ የሚመጣው በወር አንዴ ነው!»

«በመሃል ብሞትስ?»

«ለስድስት እንቁላል መቃብር ድረስ አንመጣም።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ደረሰኜን ተቀብዬ ወጣሁ።

በዓመቱ ባለነጥቡ ካርድ ተፈቀደልኝ። ጥቂት ወራት ቀለቤንም ነዳጄንም ስገዛበት ነጥቡ ለቲኬት በቃ።

ቱልሳ ስደርስ የልጅ ልጄን አቅፌ እስክጠግብ ሳምኳት። ከዚያ ሬኔታን ጠየቅኳት፦

«የባንኩ ቅርንጫፍ እዚህ የት ነው? አውሮፕላን ማረፊያ በካርዱ ሻይ ጠጥቻለሁ።»