የዕቃ ቤቱ ካርዶች

እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጎንደር ውስጥ እንደ እኔ አፏ የተፈታ አስተርጓሚ የለችም ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። ለምርጫው ከውጭ የመጣው የታዛቢዎች ቡድን ሲቀጥረኝ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጠን። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ የተባለውን ብቻ ተርጉሙ፣ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ይህን ለመናገር ሁለት ቀን ምን እንዳስፈለገ አልገባኝም ነበር። ለእኔ ዓመትም እንደማይበቃ የታወቀው በኋላ ነው።

የተመደብኩት ከወይዘሮ ቺሶሞ ጋር ነው። ከማላዊ የመጡ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ቁጥብ ናቸው፤ ከአዘዞ እስከ ትክል ድንጋይ መኪናው ሲያንገላታን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ እሱም ስለ ጭጋጉ ነው። ከትክል ድንጋይ ወዲያ ደግሞ መኪናው ከቆመበት አንድ ሰዓት በእግር ወጣን። የምርጫ ጣቢያው የትምህርት ቤቱ አንደኛ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ፊደል ተጽፎበታል። ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ ሰልፉ ከግቢው አልፎ ወጥቷል። ይህን ያህል ሰው በማየቴ ደስ አለኝ። የእኔ ካርድ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሰው ድምፅ ለመጠበቅ ብዬ የራሴን ትቼ ነው የመጣሁት።

ከበሩ አጠገብ ወይራ ሥር አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ የቆዳ ቦርሳ አለ። ከሰልፉ አንድ ሰው ወደ እሳቸው ይመጣል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ቄሱ ከቦርሳው የመራጭ ካርድ አውጥተው ይሰጡታል፣ ሰውዬው ወደ ክፍሉ ይገባል። ከዚያ ቀጣዩ ይመጣል።

ቺሶሞ ቆሙ። ምን እንዳዩ ገባኝ፤ እኔም ያየሁት ያንኑ ነው። የአገሩ ሰው ካርድ ሁሉ በአንድ ሰው ቦርሳ! ሥልጠናው ላይ የማጭበርበር ምሳሌ ተብሎ የተነገረን ራሱ ነው።

ማን እንደሆኑና ምን እንደሚሠሩ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ጠየቅኩ። መምሬ ወልደኢየሱስ ይባላሉ፤ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ነው። ምንም ሳይሸማቀቁ መለሱልኝ።

"የሰዉ ካርድ ሁሉ ያለው በእኔ እጅ ነው። ምዝገባው ካለቀ ጀምሮ ዕቃ ቤት ቆልፌበት ነበር። ዛሬ እየመለስሁ ነው።"

ብልጥ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው በገዛ አፋቸው ወደ እስር ቤት ሲሄዱ ታየኝና አሳዘኑኝ። ወደ ቺሶሞ ዞር ብዬ፣ "የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ካርድ የጠፋባቸውን አረጋውያን ይረዳሉ" አልኩ። እንግሊዝኛው እንከን አልነበረውም።

"ይቅርታ፣ እሳቸው ያሉት ይህን አይደለም" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ፤ እሱም በእንግሊዝኛ። አቶ ላቀው ነው፣ ከአንዱ ፓርቲ የተወከለ ሰው። መምሬ ያሉትን አንድ በአንድ ተረጎመላቸው። ደግሞ አጠራሩ ከእኔ ይሻላል። ቺሶሞ ወደ እኔ አላዩም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ላቀው ወዲያው አቤቱታ ጻፈ። የመራጭን ካርድ ሌላ ሰው መያዝ ክልክል ስለሆነ ምርጫው ይቁም፣ የጣቢያው ውጤትም ይሰረዝ አለ። የታዛቢዋ አስተርጓሚ ነገሩን ለመሸፈን መሞከሯም የተዶለተ ነገር መኖሩን ያሳያል ብሎ ጨመረበት። የጣቢያው ኃላፊ ዝናሽ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህርት ናት። መመሪያውን ገልጣ አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ ሰልፉን አቆመች። መቶ ሃያ ያህል ሰው ገና አልመረጠም።

ማካፋት ጀመረ። ማንም አልሄደም። ሴቶቹ ጋቢ ተከናንበው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዘው የመጡ ናቸው። የካርዱ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጠይቀው አስረድተው ያልፍ ነበር፤ ውሸት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ድምፅ በእኔ ምላስ ሊቀር ነው ብዬ ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ቺሶሞ ታዛቢ ናቸው፤ ማቆምም ማስቀጠልም አይችሉም። መጠየቅ ግን ይችላሉ። ላቀውን ከጎኔ አስቆሙትና፣ "አሁን እንደገና። እሱ ይሰማሻል" አሉኝ።

መምሬ በዝግታ አስረዱ። በዚህ ደብር የመሬት ደብተርም የጋብቻ ውልም የሚቀመጠው ዕቃ ቤት ነው። የሰዉ ቤት የሣር ክዳን ነው፣ ይቃጠላል፤ አይጥም አለ። ግርግር የነበረ ጊዜ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሸሽ ያልተዘረፈ ቤት አልነበረም፤ ዕቃ ቤቱን ግን የነካው የለም። የምርጫ ካርድ ሲሰጠውም ሕዝቡ ከመሬት ደብተር በምን ያንሳል ብሎ ራሱ አምጥቶ አስቀመጠ። ያስቀመጠው ሰው በገዛ እጁ ካልተቀበለ በቀር ከዕቃ ቤት የገባ ነገር ለማንም አይሰጥም።

ላቀው ይህን ማን ያረጋግጣል አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ያረጋገጠው አስናቀው የሚባል ገበሬ ነው፣ ያውም ሳያውቀው። ከሰልፉ መጨረሻ ስለነበር ምን እንደሚባል አልሰማም። ዝናቡ ሲሰለቸው መጣና የራሱን ካርድ ተቀበለ፤ ከዚያ የሚስቱን የይርገዱንም ጠየቀ። አራስ ናት፣ ገና ሃያ ቀኗ ነው፤ ለእሷም እሱ ይመርጥላታል።

"ያስቀመጥኸው አንተ ነህ?" አሉት መምሬ።

"እሷ ናት። ባሏ አይደለሁም እንዴ?"

"ባሏ ነህ፤ ያጋባኋችሁ እኔ ነኝ። ካርዷን ግን ለአንተ አልሰጥም።"

አስናቀው ተቆጣ። ከእንግዲህ የደብሩን አጥር የሚያጥር ሌላ ሰው ፈልጉ አለ፤ የንስሐ አባትም እለውጣለሁ አለ፤ ሌላም እዚህ የማልጽፈውን ተናገረ። መምሬ ቦርሳውን ዘጉ። ሁሉንም ተረጎምኩ፣ ስድቡንም ጭምር። ላቀው አንዴም አላረመኝም።

ቺሶሞ ረጅም ጊዜ ጻፉ። ላቀው ጥቂት አሰበና አቤቱታዬ ይመዝገብ፣ ምርጫው ግን ይቀጥል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን ነው የሠራው፣ ያውም ከእኔ በተሻለ። ዝናሽ እያንዳንዱን መራጭ ካርዱን በፈቃዱ አስቀምጦ እንደሆነ እየጠየቀች፣ መልሱን እየመዘገበች አስገባች። ሰልፉ ቀስ እያለ አለቀ።

ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቦርሳው ውስጥ አንድ ካርድ ነበር። መምሬ ከወይራው ሥር አልተነሡም። እኔም መንገድ መንገዱን ሳይ አንገቴ ተጣመመ። በመጨረሻ ይርገዱ ልጇን አቅፋ በበቅሎ መጣች። ልጓሙን የያዘው አስናቀው ነው፤ የማንንም ዓይን አያይም። መምሬ ተነሥተው ካርዷን በእጇ ሰጧት። ሕፃኑን አባቱ ተቀበለና እሷ ብቻዋን ገባች። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ቺሶሞ ጠሩኝ። ሪፖርቱ ውስጥ የመምሬ ስም ስላለ ቃላቸው በትክክል መስፈሩን እንዲሰሙ ተርጉሚላቸው አሉኝ። ላቀውም አጠገባችን ቆመ። ካርዶቹ በአንድ ሰው እጅ መገኘታቸው አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ የአስናቀው ነገርም አለ። መጨረሻው ላይ፣ "አስተርጓሚዋ መጀመሪያ ላይ የተጠያቂውን ቃል ለውጣለች" ይላል። እሱንም ተረጎምኩት።

መምሬ ትክ ብለው አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ደብቂልኝ አልሁሽ?"

"ይታሰራሉ ብዬ ፈርቼ ነው፣ መምሬ።"

"አደራ የሰጠሁሽ ቃሌን ነበር። እንደሰጠሁሽ ማድረስ ነው።"

እሳቸው ወደ ቺሶሞ ዞሩ። "እንዲህ በያት፤ ይህች ልጅ የሳተችው ለእኔ አዝና ነው። ከሥራዋ አታስወጧት።"

ለራሴ የሚለመነውን ልመና የማቀርበው ራሴ ነኝ። "ያመሰግኑዎታል" ብዬ ልለፈው አሰኘኝ፤ ከሐፍረቱ ይገላግለኝ ነበር። የሰጡኝ ቃል ግን ይህ ነው። አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተናገርኩት።

ቺሶሞ ላቀውን አዩት። ላቀው ልክ ነው በሚል አንገቱን ነቀነቀ።

"ለቡድኑ ማሳወቄ አይቀርም፤ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም" አሉኝ ቺሶሞ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "አሁን ሣጥኑ ሊከፈት ነው። ነይ ግቢ፤ ዝናሽ የምትለውን ንገሪኝ።"