የቶሪካ ባሕር

ሴቶቹ እንደገና ስለ ቶሪካ ማውራት ሲጀምሩ ኡናይሲ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ታላቅ እህቷ ቶሪካ ከተቀበረች ገና ሳምንት አልሞላትም። ከዋና ከተማዋ ከሱቫ በጀልባ የመጡ ዘመዶች ሳይቀሩ ሰሌኑ ላይ ተደርድረዋል፤ ወንዶቹ ውጭ ማንጎው ሥር ያንጎና የሚሉትን የሥር መጠጥ በቅል እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። ወሬው አንድ ነው፤ ቶሪካ እጇን የባሕር ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ስትከት ኦክቶፐሱ ራሱ መጥቶ ይጠመጠምላት ነበር፣ ቅርጫቷ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም።

አንዲት እንግዳ ታናሽየዋስ ብላ ጠየቀች።

«እሷማ ዳር ዳሩን ናት» አለች ሌላዋ በሹክሹክታ። ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት።

ኡናይሲ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማች። ሞታም አላረፈችልኝም አለች በሆዷ። እንባዋ ወረደ፤ የሐዘን ይሁን የቅናት እሷም አላወቀችውም።

ልጆች ሳሉ ባሕሩ ሲሸሽ እናታቸው ዘንግ እያስያዘች ትልካቸው ነበር። ውሃው ጋ ሲደርሱ ቶሪካ የእህቷን ሽርጥ ሁለት ጊዜ ቋጥራ ታጠብቅላታለች። ከዚያ እሷ ማዕበል ወደሚሰበርበት ውጭኛው የኮራል ድንጋይ ትሄዳለች፤ ኡናይሲ ቅርብ ትቀራለች። እኔንም ውሰጂኝ ብላ ስንት ጊዜ ለምናታለች። ቶሪካ «አንቺ የራስሽ አለሽ» ብላ ጥላት ትሄዳለች። ስስታም! ኡናይሲ ያንን ቂም ይዛ አደገች፣ አገባች፣ አረጀች። መጽናኛዋ አንድ ነበር፤ ቅርብ ባሉት ጉድጓዶች የያዘችው ቢያንስም በራሷ እጅ የተገኘ ነው።

ዛሬ ግን ተራው የእሷ ነው። ሰው ሲሞት ከባሕሩ አንዱ ክፍል ይዘጋል፤ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ ይተከልና ሐዘኑ እስኪወጣ ማንም አያጠምድበትም። ቦታውን የሚመርጠው የሟች የቅርብ ሰው ነው። መንደሩ ሁሉ ውጭኛውን ኮራል ትላለች ብሎ ይጠብቃል። ኡናይሲ ግን ቅርቡን ልታስዘጋ ቆርጣለች። ውጭኛው ክፍት ይሆናል፤ እሷም እዚያ ወርዳ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ሙሉ ቅርጫት ተሸክማ ትመለሳለች። ለእኔ ቢሆን ማን ባሕር ይዘጋልኝ ነበር?

የቶሪካ የማጥመድ ጓደኛ ሳላኒየታ ካሳቫ ልትልጥ ገባችና ቦታውን ወስና እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ቅርቡን ነው የማስዘጋው።»

ሳላኒየታ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ደግ አደረግሽ። ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው የኖረችው እሱን አይደል?»

«ምን ስትጠብቅ?»

«ኧረ አታውቂም እንዴ? ማናችንም እዚያ ዘንግ እንዳንሰድ አስምላን ነበር እኮ። ‹የኡናይሲ ነው፣ እህቴ ባዶ ቅርጫት ይዛ አትግባ› ትለን ነበር። ማዕበል እየገፈተረን ውጭ ድረስ የምንንከራተተው ወደን መሰለሽ? እሷስ በዚያ በሚያብጥ ጉልበቷ?»

 ኡናይሲ በራሴ ያዝኩት ብላ የኮራችበት ሁሉ የቶሪካ ስጦታ ነበር። ቅናቱ እንደገና አንጀቷን አሳረራት፤ በደግነትም በለጠችኝ አለች። ይኸኛው ቅናት ግን ማንን እንደሚጠላ አጣ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እህቷ ከሞተች ወዲህ አልቅሳ የማታውቀውን ልቅሶ አለቀሰች።

አመሻሹ ላይ አጎቷ ኢላይሳ ከቶሪካ ቀሚስ የተቀደደ ቀይ ጨርቅ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። 

«ልጄ፣ የት እንትከልላት?»

«ውጭኛው ላይ። እሷ የነበረችበት።»

አጎቷ ዘንግ እንዲቆረጥ ሊልኩ ሲዞሩ ኡናይሲ አስቆመቻቸው። ጓዳ ገብታ ከግድግዳው ጥግ፣ እጇ ለብዙ ዓመት የጨበጠውን የራሷን የማጥመጃ ዘንግ ይዛ ወጣች።

«በዚህ ይሁን።»

«ታዲያ አንቺ በምን ልታጠምጂ ነው?»

ኡናይሲ ጨርቁን ከእጃቸው ወስዳ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጠቀለለችው፤ ሁለት ጊዜ ቋጥራ አጠበቀችው።