የፈጣኑ ሰሌዳ ዋንጫ

ራስል ማንድቪል ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ዋንጫ አለው። የዓመቱን ፈጣን ድረ ገጽ ስለሠራ ነው የተሸለመው። ሸላሚው አለቃው ትሬንት ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ራስልና ለእረፍት ሄዶ ያልተመለሰ አንድ ባልደረባ።

ገጹ የበረዶ መንገዱ ሰሌዳ ነው። ከይሎናይፍ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ሐይቅ ብርዱ ሲጠና በረዶ ሆኖ ይረጋና የጭነት መኪኖች በላዩ አቋርጠው ወደ ማዕድን ማውጫው ይሄዳሉ። በሁለቱ ዳርቻ ቆመው ገጹን የሚያሳዩት ሰሌዳዎች አረንጓዴ ከሆኑ ግባ፣ ቀይ ከሆኑ ቁም ነው። በረዶው እንዳይሰነጠቅ ሲባል መኪኖቹ በሰዓት ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዱ ተከልክለዋል። ሰሌዳው ግን በዓይን ቅጽበት ይመልሳል። በኤሊ ፍጥነት ለሚሄድ ሾፌር ይህ ሁሉ ጥድፊያ ምን እንደሚያደርግለት የጠየቀ የለም።

ፍጥነቱ የመጣው በቀላል ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ በየደቂቃው ወደ መረጃ ቋቱ ከሚመላለስ አንዴ ያየውን ቀድቶ አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ባለሙያዎቹ ካሽ ይሉታል። ራስል ለቅጂው የስድስት ሰዓት ዕድሜ ሰጠው። አዲስ የበረዶ ውፍረት ልኬት በወጉ ከገባ አሮጌው ቅጂ ወዲያው ይጣላል። ሚያዝያ ላይ ግን ልኬቱ በዛና ራስል ሁሉንም በአንድ ጊዜ በቀጥታ መረጃ ቋቱ ውስጥ የሚያስገባ አቋራጭ ጻፈ። አቋራጩ ለካሹ ትንፍሽ አይልም። ካሹም ጎረቤቱ ከተቀበረ በኋላ «ደህና ነው፣ ጠዋት አይቼዋለሁ» እንደሚል ሰው አፉን ሞልቶ መናገሩን ቀጠለ።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደወለ። በረዶውን የምትለካው ኖኤሊን ነበረች፣ ከማዶው ዳርቻ።

«ራስል፣ መንገዱን ከዘጋሁት ግማሽ ሰዓት ሆነኝ። ይሄ ሰሌዳህ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው። ሠላሳ ቶን ግቡ ይላል!»

ራስል መረጃ ቋቱን ከፍቶ አየ። «ዝግ» ይላል፤ ቁልጭ ብሎ።

«በእኔ በኩል ተዘግቷል እኮ» አላት፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«በአንተ በኩል ሐይቅ አለ እንዴ?»

ራስል ገጹን ከፈተ፤ አረንጓዴ ነው።

«ስማኝ» አለች። «እዚህ መኪናዬን አጋድሜ የመንገዱን መግቢያ በር ዘግቻለሁ። በእናንተ በኩል ግን ጠባቂ የለም። ከከተማ ሦስት መኪና ተነስቷል። ሁለቱን በሬዲዮ አግኝቼ መልሻለሁ፤ ሦስተኛው አይመልስም።»

«ማን ነው?»

«አባትህ ናቸው።»

ራስል ስልኩን ዘጋ። አባቱ አልፎንስ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ በረዶ ላይ ነድተዋል። የሬዲዮውን ድምፅ ቀንሰው ዘፈን ነው የሚሰሙት። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ላገኙት ሾፌር ሁሉ «ያንን ሰሌዳ የሠራው የእኔ ልጅ ነው» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቷቸዋል። በዓለም ላይ ያንን አረንጓዴ የሚያምን አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ደወለላቸው። ማግኘት አይቻልም። ስልክ እስከ በሩ ድረስ ይሠራል፤ በረዶው ላይ ከገቡ በኋላ ግን አይሠራም።

ካሹን ሊያጸዳ ሲል ትሬንት ከኋላው መጣ።

«ኧረ ተው ወንድሜ! አራት ሰዓት ላይ እንግዶች አሉብን። አሁን ካጸዳኸው ገጹ ይንቀራፈፋል።»

«አባቴ በረዶው ላይ ነው።»

ትሬንት ደነገጠ። ደንግጦም ከልቡ አሰበ። «ግማሹን ብቻ ማጽዳት አይቻልም?»

ራስል ቁልፉን ተጫነ። ሰሌዳው ቀይ ሆነ። ግን አልፎ ለሄደ ሰው ከኋላው የሚበራ ቀይ ምን ይጠቅመዋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እሱ ሮጦ ታጠቀ፣ የሚፈታው ግን የአባቱ ሕይወት ሊሆን ነው። ዋንጫው ላይ አፈጠጠና እንባው መጣ።

ስልኩ ጮኸ።

«ሰሌዳህ ቀይ ሆነልህ» አሉ አልፎንስ፣ አፋቸው ምግብ ይዟል። «እንኳን ደስ ያለህ።»

«አባዬ! የት ነህ?»

«በሩ ላይ ነዋ። ዳቦዬን እየበላሁ። ይሄን ያህል ጊዜ እዚሁ ነው የቆምኩት።»

«ስልክህ እኮ አይሠራም ነበር!»

«ዘግቼው ነበር። ሰው በሰላም ይብላ እንጂ።»

«አረንጓዴ ነበር እኮ። ለምን አልገባህም?»

«ወርጄ አየሁት። በበረዶው ላይ ውሃ ተኝቷል።»

«ግን ሰሌዳው...»

«ሰሌዳውን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አዎ፣ አንተ። ስለዚህ ነዋ የወረድኩት! ልጅ ሆነህ "ውሻችንን ፓንኬክን አብልተኸዋል?" ስልህ ቀና ሳትል "አዎ" ትለኝ ነበር። አልዋሸህም። ትናንት አብልተኸዋላ። ምስኪኑ ውሻ ጎረቤት እየሄደ ነበር የሚበላው።»

ራስል ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሀሉ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረበት። አልፎንስ ማኘካቸውን አቁመው ጠበቁት።

«በል አታልቅስ» አሉት። «እኔ የውሻውን ሳህን ሳላይ አምኜህ አላውቅም። ለዚያ ነው ያለሁት።»

ከሰዓት በኋላ ራስል አቋራጩ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። ለውጥ መረጃ ቋቱ ውስጥ በገባ ቁጥር አሮጌው ቅጂ ይጣል የምትል ናት። ገጹ ግማሽ ሰከንድ ዘገየ፤ ትሬንትም ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። ሲወስድ ስክሪኑን አየና ከመስመሯ በላይ የተጻፈው ማስታወሻ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ።

«መጀመሪያ ሳህኑን እይ» ይላል።